በገና ደርዳሪ፣ አዝማሪና ባለ ባንድ፤ በሰሜን ሸዋ ስለ ሙዚቃ ልምምድና ስለ መጫወት ግዴታ

መግቢያ

ስለ ሙዚቃ ተጫዋቾች በሚነገርበት ጊዜ ሰዎቹን በሁለት ወገን መክፈል የብዙዎቻችን ልማድ ነው። በአንደኛው ወገን በጨዋታው እንጀራውን የሚበላውን ባለሙያ፣ በሁለተኛው ወገን ደግሞ ለፍቅሩ ብቻ የሚጫወተውን፣ በተለምዶ አማተር የሚባለውን እናቆማለን። ይህን ሁለተኛውን በዚህ ጽሑፍ ወዶ ገብ እንለዋለን። ከዚያም ባለሙያው አብዝቶ የሚለማመድ፣ ወዶ ገቡ ግን ሲመቸው ብቻ መሣሪያውን የሚያነሣ ይመስለናል። በሚከተሉት ገጾች ለማስረዳት የምንሞክረው ይህ አስተሳሰብ በአገራችን ሙዚቃ ላይ ሲፈተን የማይጸና መሆኑን ነው። ባለሙያውንና ወዶ ገቡን የሚለያቸው የችሎታ ወይም የትጋት ማነስና መብለጥ አይደለም፤ መቼና ለማን እንደሚጫወት የሚወስንለት ማን እንደ ሆነ ነው። የልምምዱም መልክ ከዚሁ ግዴታ ይመነጫል።

ለዚህ ምርመራ ሰሜን ሸዋን፣ በተለይም ደብረ ብርሃንንና አንኮበርን መርጠናል። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ብርዳም ደጋ ላይ ትገኛለች። አንኮበር ደግሞ ከደብረ ብርሃን በስተ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ደጋው ተቈርጦ ወደ አፋር ቈላ በሚወርድበት ጫፍ ላይ ጉም ለብሳ ተቀምጣለች።

ይህን አካባቢ የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ አዲስ አበባ ከመቈርቈሯ በፊት አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ስለ ነበረች፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም.) የቤተ መንግሥቱ ኑሮ የአዝማሪውን ማሲንቆና የመኳንንቱንና የካህናቱን በገና በአንድ ስፍራ የሚያገናኝ ነበር። የንጉሡ የልጅ ልጅ ዳግማዊ ምኒልክም በ1836 ዓ.ም. የተወለዱት ከደብረ ብርሃን ብዙ በማይርቀው በአንጎለላ ሲሆን፣ እርሳቸውም ሆኑ እቴጌ ጣይቱ በገና ይደረድሩ እንደ ነበር ይነገራል። ሁለተኛ፣ ደብረ ብርሃን ከዘመናዊው የባንድ ሙዚቃ ስመ ጥር ሰዎች አንዱ የሆኑት የአቶ ኃይሉ መርጊያ የትውልድ ከተማ ናት። ስለዚህ ከአንድ አውራጃ ሳንወጣ ሦስት ዓይነት ተጫዋቾችን፣ ማለት በገና ደርዳሪውን፣ አዝማሪውንና ባለ ባንዱን ጎን ለጎን አቁመን ለመመልከት እንችላለን።

፩. በገናና ወፍራም ድምፁ

የበገና ደርዳሪ ልማድ ከመሣሪያው ጠባይ የሚመነጭ ስለ ሆነ፣ አስቀድሞ ስለ መሣሪያው ጥቂት መናገር ይገባናል። ከአገራችን ባለ አውታር መሣሪያዎች መካከል እጅግ ወፍራም ድምፅ ያለው በገና ነው። ቁመቱ አንድ ሜትር ያህል ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ሲሆን፣ ከታች ከእንጨት የተፈለፈለና በቆዳ የተለበጠ ገበቴ፣ ከገበቴው ወደ ላይ የሚወጡ ሁለት ምሰሶዎች፣ ከላይም ምሰሶዎቹን የሚያያይዝ ቀንበር አለው። ዐሥር አውታሮች ከገበቴው ተነሥተው በርኩማ በሚባለው መቆሚያ ላይ እያለፉ ከቀንበሩ ጋር ይታሰራሉ። ሊቃውንቱ ዐሥሩን አውታሮች በዐሥርቱ ትእዛዛት ይመስሏቸዋል፤ መሣሪያውንም ከንጉሥ ዳዊት ጋር ያያይዙታል። በጥንታውያን የብራና መጻሕፍት ውስጥ ንጉሡ በገና ይዞ የሚሣለው ስለዚህ ነው።

አውታሮቹ በጥንቱ ልማድ ከበግ አንጀት ይሠራሉ። ዛሬ ግን ብዙዎች የናይለን ክር ይጠቀማሉ። ይህ ለውጥ በእኛ አካባቢ ቀላል ነገር አይደለም። አንጀት እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት የሳበ አውታር ደግሞ ቅኝቱን አይጠብቅም። የአንኮበርን ጉምና የደብረ ብርሃንን ክረምት የሚያውቅ ሰው፣ ማታ የተቃኘ የአንጀት አውታር ለጠዋት ተለውጦ እንደሚገኝ ይገባዋል። ስለዚህ የጥንቱ ደርዳሪ መሣሪያውን ባነሣ ቍጥር መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር አውታሩን መቃኘት፣ ማለት ጆሮውን ማሠልጠን ነበር።

የበገናን ድምፅ ከሌሎች የሚለየው እንዚራ የሚባለው ነገር ነው። እንዚራ በእያንዳንዱ አውታርና በበርኩማው መካከል የሚገባ ትንሽ የቆዳ ቍራጭ ነው። አውታሩ ሲመታ ከዚህ ቆዳ ጫፍ ጋር ደጋግሞ እየተጋጨ የንብ ድምፅ የሚመስል መንዘር ይሰጣል። የዚህ ጥቅም ለጌጥ ብቻ አይደለም። ትንሽ ገበቴ በጣም ወፍራም የሆነውን ድምፅ አጕልቶ ወደ አየር ለመስደድ አይችልም። መንዘሩ ግን ከመሠረታዊው ድምፅ በላይ ያሉትን ቀጫጭን ድምፆች ስለሚያበዛ፣ ጆሮ ከእነርሱ ተነሥቶ መሠረታዊውን ወፍራም ድምፅ አሟልቶ ይሰማዋል። የህንድ አገር ታምቡራም ይህን በመሰለ ዘዴ ይሠራል። እንዚራውን ወደ ላይና ወደ ታች እየገፉ ትክክለኛውን መንዘር ማግኘት ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ በመሆኑ፣ ከልምምዱ እንደ አንድ ክፍል ይቈጠራል።

ይህም ሁሉ ሆኖ በገና ለብዙ ሕዝብ የሚበቃ ጩኸት የለውም። ድምፁ የሚሞላው አንድ ክፍል ብቻ ነው። ይህ ነጥብ ለሚከተለው ሁሉ መሠረት ስለ ሆነ አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን።

፪. ደርዳሪውና 55ቱ ቀኖች

በገና የሚጫወት ሰው ተቀምጦ መሣሪያውን ከፊቱ ያቆምና፣ ቀኝ እጁ የሚቀናው ሰው እንኳ ቢሆን፣ አውታሮቹን በግራ እጁ ጣቶች ይነካል። በቀንድ ወይም በእንጨት መግረፊያ ሲጫወት ዐሥሩንም አውታሮች ሊጠቀም ይችላል። በጣት ሲደረድር ግን ድምፅ የሚሰጡት አምስት ወይም ስድስት ብቻ ሲሆኑ፣ የቀሩት ጣቱ ከመታ በኋላ የሚያርፍባቸው ናቸው። እያንዳንዱ መዝሙር በአንድ አጭር የጣት ሥርዓት ላይ ይቆማል፤ ይኸው ሥርዓት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይቋረጥ ይመላለሳል። በላዩ ላይ ደርዳሪው ዝቅ ባለና ወደ ንግግር በሚጠጋ ድምፅ ስለ ሞት፣ ስለ ዓለም ከንቱነት፣ ስለ እመቤታችንና ስለ መድኃኔ ዓለም ይዘምራል።

ለጀማሪ እጅግ አስቸጋሪው ነገር ጣቶቹን ማወቅ አይደለም። ጣቶቹን አውቆ ቃሉን ሲጨምርበት ግን ጣቱ ቃሉን ተከትሎ ይሳሳታል፤ ወይም ቃሉ ጣቱን ተከትሎ ይቆራረጣል። ይህን የሚያሸንፈው ጣቱ ያለ ሐሳብ እስኪሄድ ድረስ ያንኑ አጭር ሥርዓት መቶ ጊዜ፣ ሁለት መቶ ጊዜ ሲደጋግም ነው። መምህሩ የሚያስተምረው ከወረቀት ላይ ባለ ምልክት ሳይሆን ጣቱን እያሳየ ስለ ሆነ፣ የተማሪው መጽሐፍ ዓይኑና ጆሮው ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። በገና በጥንቱ ሥርዓት የአዝማሪ መሣሪያ አልነበረም። የሚደረድሩት መኳንንትና ወይዛዝርት፣ ካህናትና ሽማግሌዎች ነበሩ። ደርዳሪው ዋጋ አይቀበልም፤ ሰርግ ላይ አይጠራም፤ ጠጅ ቤት አይገባም። ስለዚህ በዛሬው አነጋገር ሁሉም ወዶ ገቦች ነበሩ ማለት ይቻላል። ነገር ግን ወዶ ገብ መሆናቸው ግዴታ የለባቸውም ማለት አይደለም። ግዴታቸውን የሚወስነው የጾም ሥርዓት ነበር።

የበገና ዋና ወራት ዐቢይ ጾም ነው። በዚህ ጊዜ በቤተ ክርስቲያን ከበሮና ጸናጽል ያርፋሉ፤ ካህናቱም በመቋሚያ ብቻ ይዘምማሉ። በገና ራሱ ከቅዳሴና ከማኅሌት ሥርዓት ውስጥ የሚገባ መሣሪያ አይደለም፤ ስፍራው ቤት ነው። ደርዳሪው በጾሙ ወራት ሌሊት ወይም ማታ ብቻውን ወይም ከቤተ ሰቡ ጋር ተቀምጦ ይደረድራል። የሚያዳምጠው ሰው ባይኖርም ጨዋታው አይጎድልም፤ ምክንያቱም ጸሎት ስለ ሆነ ነው። ለዚህ ሰው ልምምድና ጨዋታ ሁለት ነገሮች አይደሉም። አንድ ሰው ለነገ ጸሎት ዛሬ እየጸለየ እንደማይለማመድ ሁሉ፣ ደርዳሪውም ለወደ ፊት ትርኢት አይዘጋጅም። በደገመው ቍጥር ግን ጣቱ ይጠነክራል።

የዚህ ልማድ ድካም ደግሞ ሊሸሸግ አይገባውም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ጾሙ ሲፈታ ብዙ በገናዎች በልብሳቸው ተጠቅልለው እስከሚመጣው ዓመት ግድግዳ ላይ ይሰቀላሉ። በዚህ ጊዜ ጣት ይለሰልሳል፤ የአንጀት አውታር ይደርቃል፤ በሚመጣው የካቲት ወይም መጋቢት የመጀመሪያው ሳምንት የረሱትን በመፈለግ ያልፋል። ጀርመናዊው ሊቅ ሄርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. ስለ ማስታወስ ባሳተመው ጥናት እንዳመለከተው፣ አንድን ነገር በአንድ ጊዜ አብዝቶ ከመደጋገም ይልቅ በብዙ ቀኖች ከፋፍሎ መደጋገም ይበልጥ ያጸናዋል። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶቻችን ይህን ከእርሱ መማር አላስፈለጋቸውም፤ የዜማ ተማሪ ቀን የተቀበለውን ማታ ማታ ሳያሰልስ የሚቀጽለው ስለዚህ ነው። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውም የአባቶች ቃል ያንኑ ያስተምራል። በገናን ግን ከአንድ ወቅት ጋር ብቻ ያሰረ ሰው ዕንቁላሉን በየዓመቱ እንደ ገና ይጀምረዋል።

፫. አዝማሪውና የጋባዡ ፈቃድ

አዝማሪ በብዙ በኩል የበገና ደርዳሪ ተቃራኒ ነው። ማሲንቆው ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ አውታር ብቻ ያለው፣ ድምፁም ቀጭንና ከብዙ ጫጫታ መካከል የሚሰማ ነው። የሚጫወተውም ሰው በተሰበሰበበት በሰርግ፣ በግብዣና በጠጅ ቤት ነው። ሙያው ብዙውን ጊዜ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ሲሆን፣ ልጁ አባቱን ወይም አጎቱን ተከትሎ እየዞረ በዓይኑ ያየውን በእጁ ይሞክራል። ስለዚህ ትምህርቱ ከሥራው ውስጥ ነው። ብቻውን በዝግ ቤት የሚለማመድበት ሰዓት ጥቂት ነው፤ የሚያስፈልገውም ትልቁ ችሎታ ብቻውን ሊለማመደው የማይችል ነው። እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ሲወረውርለት ግጥሙን ተቀብሎ በዜማ ማውጣት፣ የጋባዡን ስምና ወገን ወዲያው በሰምና ወርቅ ማሞገስ፣ የቤቱንም ስሜት ማንበብ የሚገኘው ከሰው ፊት በመቆም ብቻ ነው።

የአዝማሪን ግዴታ የሚወስነው ጋባዡ ነው። ጋባዡ ሲጠራው ይሄዳል፤ አንሣ ሲለው ያነሣል፤ ዛሬ ልቤ አልፈቀደም ሊል አይችልም። ጋባዡን ደግሞ የሚወስነው ያው የቤተ ክርስቲያን አቈጣጠር ነው። በጾም ሰርግ ስለማይደገስ፣ ከአዝማሪው የሥራ ወራት ዋነኛው ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው ነው። ጥምቀት ጥር 11 ቀን የቆመ በዓል ነው፤ የዐቢይ ጾም መግቢያ ግን በባሕረ ሐሳብ ቀመር ከየካቲት 1 ቀን እስከ መጋቢት 5 ቀን ድረስ ከፍና ዝቅ ይላል። ስለዚህ ይህ ወቅት በአንዳንድ ዓመት 20 ቀን ብቻ ሲሆን፣ በሌላ ዓመት እስከ 54 ቀን ይረዝማል። ጾሙ ቶሎ በሚገባበት ዓመት ሰርጉ ሁሉ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ስለሚጨናነቅ አዝማሪው እንቅልፍ አያገኝም፤ በቅበላ ሰሞንም ድምፁ እስኪዘጋ ይጫወታል። ከዚያም ጾሙ ሲገባ ማሲንቆው ይሰቀላል።

አንባቢ ልብ እንዲል የምንፈልገው ይህን ነው። በአንድ መንደር ውስጥ በአንድ ቀን፣ ማለት በቅበላ ማግሥት፣ ማሲንቆው ከግድግዳ ላይ ሲሰቀል በገናው ከግድግዳ ላይ ይወርዳል። አንዱ አቈጣጠር ሁለቱንም ያዛቸዋል፤ ነገር ግን የአዝማሪው ወቅት በየዓመቱ ሲያጥርና ሲረዝም የደርዳሪው ምንጊዜም ያው 55 ቀን ነው።

በዚህ ድንበር መካከል ያለፉ ሰዎችም አልጠፉም። ከእነዚህ ዋነኛው የምንጃር ተወላጅ የነበሩት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ነጋድራስ ተሰማ በትውልድ አዝማሪ አልነበሩም፤ በማሲንቆና በግጥም የተመሰገኑት በፍላጎታቸውና በተሰጥኦዋቸው ነው። በ1900 ዓ.ም. ገደማ መንግሥት ወደ ጀርመን አገር ከላካቸው ሰዎች አንዱ ሆነው በሄዱ ጊዜ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረፁ። እነዚያ ሸክላዎች ከኢትዮጵያ የሙዚቃ ቅጂዎች ሁሉ ከመጀመሪያዎቹ ይቈጠራሉ። በእግር ኳስ አመራር ስማቸው የታወቀው ይድነቃቸው ተሰማም የእርሳቸው ልጅ ናቸው። እንግዲህ የአገራችን የሙዚቃ ቅጂ ታሪክ ሲከፈት በመግቢያው ላይ የምናገኘው ሰው የሰሜን ሸዋ ወዶ ገብ ነው። ጋባዥ የማያዘው በመሆኑ የፈለገውን ግጥም በፈለገው ጊዜ ለማሰላሰል ነፃነት እንደ ነበረው መገመት አያስቸግርም።

፬. ባለ ባንዱና ውሉ

በ20ኛው ምዕት ዓመት መካከል ከጦር ሠራዊቱ፣ ከክብር ዘበኛና ከፖሊስ ኦርኬስትራዎች ሌላ የግል ባንዶች በተነሡ ጊዜ ሦስተኛ ዓይነት ተጫዋች መጣ። በባንዱ ውስጥ የወፍራሙን ድምፅ ስፍራ የያዘው ባለ 4 አውታሩ ቤዝ ጊታር ነው። የዋልያስ ባንድ ቤዝ ተጫዋች መላከ ገብሬ፣ የአይቤክስና በኋላም የሮሃ ባንድ ቤዝ ተጫዋች ጆቫኒ ሪኮ በዚህ ሙያ የታወቁ ናቸው። የቤዝ ጊታር ተጫዋች ሥራ በአንድ ነገር ከበገና ጋር ይመሳሰላል። አንድ አጭር የጣት ሥርዓት ሳይሰለች ደጋግሞ ይይዛል፤ ዘፋኙም ሆነ ሳክስፎኑ የሚንቀሳቀሰው በዚያ ላይ ቆሞ ነው። ሥርዓቱ ቢናጋ ዜማው ሁሉ ይናጋል።

በግዴታው በኩል ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው። ባለ ባንዱን የሚያዘው ጾም ወይም ሰርግ ሳይሆን ውል ነው። ከሆቴል ጋር የተዋዋለ ባንድ በሳምንት ውስጥ በተወሰኑት ሌሊቶች ሁሉ ይገኛል። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ በታወጀባቸው ዓመታት፣ ማታ ወደ ጭፈራ ቤት የገባ ሰው እስኪነጋ ድረስ ወደ ቤቱ ለመመለስ ስለማይችል፣ ባንዱም እስከ ንጋት ይጫወት ነበር። ቀን ደግሞ ለዘፋኞች ካሴት ይቀረፅ፣ አዲስ ዘፈንም በጋራ ይጠና ነበር። እንዲህ ባለ ኑሮ ውስጥ ጣት አይዝግም፤ ነገር ግን ለብቻ ተቀምጦ አዲስ ነገር ለመፈለግ የሚተርፍ ሰዓት አይገኝም። ባለሙያው ብዙ ይጫወታል እንጂ ብዙ ይለማመዳል ለማለት አይቻልም። ሁለቱ ቃላት አንድ አለመሆናቸውን የሚያሳየን ይህ ነው።

ለዚህ ሁሉ ከአቶ ኃይሉ መርጊያ ሕይወት የበለጠ ምሳሌ አላገኘንም። አቶ ኃይሉ በ1946 እ.ኤ.አ. በደብረ ብርሃን ተወልደው በልጅነታቸው ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ አኮርዲዮንም ራሳቸውን አስተማሩ። በኋላም በኦርጋን ተጫዋችነት ከዋልያስ ባንድ ጋር በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ለብዙ ጊዜ ተጫወቱ። በ1981 እ.ኤ.አ. ባንዱ ወደ አሜሪካ ለጉዞ ሲሄድ አቶ ኃይሉና መላከ ገብሬን ጨምሮ አንዳንድ ጓደኞቻቸው እዚያው ቀሩ። በ1985 እ.ኤ.አ. አኮርዲዮንና የኤሌክትሪክ መሣሪያዎችን ብቻቸውን እየተጫወቱ አንድ ካሴት ቀረፁ። ከዚያ በኋላ ግን የመድረኩ ሥራ እየቀነሰ ሄዶ፣ አቶ ኃይሉ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዱ ኑሯቸውን መሩ።

በዚያ ዘመን ባንድ አልነበራቸውም፤ ውልም ጋባዥም አልነበራቸውም። በተራው አነጋገር ባለሙያው ወደ ወዶ ገብነት ተመለሰ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ትንሽ የኤሌክትሪክ ኪቦርድ በመኪናቸው ኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይዘው እየዞሩ፣ በአውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ በሚጠብቁበት ጊዜ ያንን አውጥተው ይለማመዱ ነበር። በ2013 እ.ኤ.አ. የዚያ የ1985ቱ ካሴት ሙዚቃ እንደ ገና ታትሞ በውጭ አገር ሰዎች ዘንድ በተወደደ ጊዜ፣ አቶ ኃይሉ ወደ መድረክ ሲጠሩ እጃቸው ዝግጁ ሆኖ ተገኘ። በ2018 እ.ኤ.አ. «ላላ በሉ» የተባለውን አዲስ ሥራ አወጡ። ተሳፋሪ በመጠበቅ መካከል የተገኘው ያ ቍርጥራጭ ሰዓት ባይኖር ኖሮ፣ ጥሪው በመጣ ጊዜ የሚመልስ እጅ ባልተገኘ ነበር።

፭. ሙያው ሲቋረጥ ያቆየው ማን ነው

የበገናም ታሪክ ያንኑ ይመሰክራል። አቶ ዓለሙ አጋ በ12 ዓመታቸው ገደማ በእንጦጦ ከጐረቤታቸው ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል በገና መማር ጀመሩ። በዩኒቨርሲቲ የተማሩት ጂኦግራፊ ነበር። በገናቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በ1972 እ.ኤ.አ. ከተቀረፀ በኋላ፣ እስከ 1980 እ.ኤ.አ. ድረስ በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና አስተማሩ። በዚህ ሁኔታ በገና በታሪኩ ውስጥ ምናልባትም ለመጀመሪያ ጊዜ የደመወዝ ሥራና የክፍል ትምህርት ሆነ። ነገር ግን መንግሥቱ ለመንፈሳዊ ነገር ፊቱን ባዞረበት በዚያ ዘመን የበገና ትምህርት ተቋረጠ፤ በጾም ወራት ከራዲዮ ይሰማ የነበረውም ዜማ ጠፋ።

ሙያው ሲቆም ልማዱ ግን አልቆመም። በገና የሚጫወቱበት ስፍራ ቤት ስለ ሆነ፣ ድምፁም ከአንድ ክፍል ስለማይወጣ፣ ማንም ሳያዝዘውና ማንም ሳይሰማው በየቤቱ የሚደረደረው ሰው ቀጠለ። ቀደም ብለን እንደ ድካም የቈጠርነው የድምፁ ማነስ እዚህ ላይ ጕልበት ሆነ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በገና እንደ ገና ወደ አደባባይ ሲወጣ፣ የአቶ ዓለሙም ሥራ በውጭ አገር በሲዲ ሲታተም፣ በየሰንበት ትምህርት ቤቱም ወጣቶች ለመማር ሲሰለፉ፣ መምህራን የሆኑት በእነዚያ ዓመታት በገናቸውን ያልተዉት ጥቂት ሰዎች ነበሩ። ቢተዉት ኖሮ መሣሪያው በሙዚየም ይገኝ ነበር፤ የጣቱ ሥርዓት ግን በሙዚየም አይገኝም።

መደምደሚያ

እስካሁን ያየነውን በአጭሩ እንሰብስበው። ደርዳሪውን ጾሙ፣ አዝማሪውን ጋባዡ፣ ባለ ባንዱን ውሉ ያዘዋል። አዝማሪውና ባለ ባንዱ አብዝተው ስለሚጫወቱ እጃቸው አይረሳም፤ ነገር ግን ግዴታው በተቋረጠ ቀን ልምምዱም አብሮ እንዳይቋረጥ ያሰጋል። ደርዳሪው ደግሞ የሚያስገድደው ሰው ባይኖርም ይጫወታል፤ ነገር ግን ከአንድ ወቅት ጋር ብቻ ከታሰረ ችሎታው በየዓመቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ክፉ ቀን ሲመጣ ሙዚቃን አሻግሮ ያቆየው ማንም ሳያዝዘው በየቀኑ ጥቂት ጥቂት የሚለማመድ ሰው ነው፤ ደመወዝ ቢቀበልም ባይቀበልም።

ዛሬ በገና ወደ ሌላ ፈተና ቀርቧል። መድረክ፣ ማጕሊያና የምረቃ ወረቀት አግኝቷል። ይህ መልካም ነው፤ ብዙ ልጃገረዶችና ወንዶች ልጆች እንዲማሩት አድርጓል። ነገር ግን ተማሪው ለምረቃው ቀን ብቻ ከተለማመደና መሣሪያውን በጾም ወራት ብቻ ካነሣው፣ በገና የባለ ባንዱን ውል ያገኛል፤ የአባቶችን ብቸኝነት ግን ያጣል። በሰኔና በሐምሌ፣ ማንም በማይጠይቀው ጊዜ፣ በገናውን የሚያነሣው ማን ነው? የመሣሪያው ዕድሜ የሚወሰነው በዚህ ጥያቄ ይመስለናል።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን ለማሳሰብ እንወዳለን። አንደኛ፣ በገና የሚማር ሰው ከጾሙ ውጭም ቢሆን በየቀኑ ሩብ ሰዓት እንኳ ለጣቱ ይስጥ፤ በሳምንት አንድ ቀን ከሚደረግ የሦስት ሰዓት ድካም ይልቅ ይህ ይጠቅመዋል። ሁለተኛ፣ ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች ከመድረኩ አስቀድመው አንዲት ጸጥ ያለች ክፍል ይስጡ፤ የተማሪ ማደሪያ ለበገና አይመችም፤ ወፍራም ድምፅ ጸጥታ ይሻልና። ሦስተኛ፣ በጕ የታወቀው የመንዝ አገር ከአጠገባችን ሳለ፣ አንጀት ፈትሎ አውታር ማውጣት የሚችሉ ሽማግሌዎች ሙያቸውን ይዘው ሳያልፉ፣ አሠራሩና የጣት ሥርዓቱ በድምፅና በሥዕል ይቀረፅ።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። አቶ ኃይሉ መርጊያ የመኪና ዕቃ መጫኛና ጥቂት የመጠበቂያ ደቂቃዎች በቅተዋቸዋል። የጥንቱም ደርዳሪ የነበረው አንድ ክፍልና አንድ ሌሊት ነበር።